አሮጌ ፒካፕ ሲታደስ መስታወቱ ከቀለሙ ይቅደም

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አስፋልት ላይ ዕድሜያቸው ከሾፌሮቻቸው የሚበልጥ ፒካፖች ዛሬም ይሠራሉ። አስፋልቱን ለቅቀው ወደ ወንበርማ፣ ወደ ቋሪት፣ ወደ ደጋ ዳሞትና ወደ ሰከላ በሚወጡት የጠጠር መንገዶች ላይማ ሌላ አማራጭ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመኸር በኋላ በቆሎና በርበሬ ያወርዳሉ፣ ክረምት ሲገባ ማዳበሪያ ያደርሳሉ፣ ሰው በጠና ሲታመም ደግሞ ጋቢናቸው አምቡላንስ ይሆናል። እንዲህ ያለው መኪና ለባለቤቱ ገንዘብ ሲገኝ ይታደሳል። የእድሳቱ ቅደም ተከተል የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ይወርዳል፣ ላሜራው ይቀጠቀጣል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወንበሩ ይለበሳል። መስታወቱ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ከተረፈው ብር ነው። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ። መስታወቱና የሚቀመጥበት ፍሬም ከቀለሙ መቅደም አለባቸው፤ የሚገባው መስታወትም መመረጥ ያለበት በጥራቱና በዋጋው ብቻ ሳይሆን ሲሰበር በሚያደርገው ነገር ነው። ደግሞም በጣም አሮጌ ለሆኑት ፒካፖች ትክክለኛውን መስታወት ማስገባት ብዙዎች ከሚያስቡት የቀለለ ነው።

እነዚህ መኪኖች በቅርቡ ከመንገድ ይወጣሉ ብሎ የሚጠብቅ ካለ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት መለስ ብሎ ይመልከት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ለቡሬው ነጋዴና ለፍኖተ ሰላሙ ሾፌር ግን የሁሉም ውጤት አንድ ነው፣ በእጅ ያለው መኪና ከቀድሞው የበለጠ ውድ ሆነ። በብዙ ሀብታም አገሮች አሮጌ ፒካፕ ማደስ የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው፤ መኪናው ታድሶ እሑድ እሑድ ይወጣል። እዚህ የታደሰው መኪና በማግስቱ ሥራ ይገባል፣ ሰውም ይጭናል። ስለዚህ ስለ መስታወቱ መጠንቀቅ ያለብን ከእነሱ ይበልጥ እኛ ነን።

ለዓይን አንድ የሚመስሉት ሦስት ዓይነት መስታወቶች ባሕርያቸው በጣም ይለያያል። የመጀመሪያው በቤት መስኮት ላይ ያለው ተራ መስታወት ነው። ሲሰበር ረጃጅምና ሹል ስንጥር ይሆናል፣ እያንዳንዱ ስንጥር ቢላዋ ነው። ሁለተኛው ቴምፐርድ የሚባለው ነው። ተራው መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግልና በኃይለኛ አየር በድንገት ይቀዘቅዛል። ፊቱ ቀድሞ ይደርቃል፣ ውስጡ ኋላ ሲቀዘቅዝ ፊቱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ መስታወቱ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ውጥረት ይኖራል። ከተራው አራትና አምስት እጥፍ የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው። ሲሰበርም ውጥረቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና መላው መስታወት ጠርዛቸው ብዙም በማይቆርጥ ትንንሽ ፍሬዎች ይበተናል። ሦስተኛው ላሚኔትድ ነው፤ በሁለት መስታወቶች መካከል ፒቪቢ የሚባል ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን በሙቀትና በግፊት ተጣብቆ ይሠራል። ሲሰበር ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም፣ ስብርባሪው ሽፋኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የዚህ ሐሳብ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1903 የሆነ አጋጣሚ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤዱዋር ቤኔዲክተስ በቤተ ሙከራው አንድ የመስታወት ብልቃጥ ወደቀበት፤ ብልቃጡ ተሰነጠቀ እንጂ አልተበታተነም፣ ውስጡ የደረቀ የሴሉሎስ ናይትሬት ስስ ሽፋን ይዞት ነበርና። ቤኔዲክተስ በ1909 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፎርድ የሞዴል ኤ መኪናውን የፊት መስታወት በላሚኔትድ መሥራት ጀመረ። ከዚያ በፊት የነበሩት መኪኖች አብዛኞቹ በተራ መስታወት ይሄዱ ነበር፤ በአደጋ ጊዜ ሰውን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መስታወቱ ነበር።

ዛሬ በአንድ የገጠር ከተማ አሮጌ ፒካፕ ላይ የቤት መስታወት ሲገባ ዓለም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ትቶት ወደ ሄደው ሁኔታ እንመለሳለን። ፈተናው ቀላል አይደለም። በትንሽ ከተማ እንኳ ለቤት መስኮት መስታወት የሚቆርጥ ሱቅ አይጠፋም። የበሩ መስታወት የረገፈበት ሾፌር ልኩን ይዞ ይሄዳል፣ ቆራጩ በአልማዝ ጫፍ መስመር ያሰምራል፣ ጠርዙን በድንጋይ ያለሰልሳል፣ ሥራው ሳይቆይ ያልቃል። መስታወቱ ግልጽ ነው፣ ይወጣል ይወርዳል፣ ዝናብም አያስገባም። ባለቤቱ ተጭበረበርኩ የሚልበት ምክንያት የለውም። ልዩነቱ የሚታየው ያ መስታወት በተሰበረ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ከበሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠው ሰው አንገቱና ፊቱ ከመስታወቱ ስንዝር አይርቁም። ሦስት ሰው በተጠጋጋበት ነጠላ ጋቢና ውስጥ ወደ የትም መሸሽ የለም።

«መኪናው አሮጌ ነው፣ አይሮጥም፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለፈጣን መኪና ነው» የሚል መልስ ይመጣል። የመስታወት ጠላት ግን የራስ ፍጥነት ብቻ አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፒካፕ በዚያው ፍጥነት ከሚመጣ የጭነት መኪና ጋር ሲተላለፍ የሁለቱ ፍጥነት ተደምሮ 120 ይሆናል፤ የመምታት ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጠጠሩ የሚመታበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አስፋልቱ ወደ ጠጠር በሚለወጥባቸው መገንጠያዎች አካባቢ፣ ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው አቅጣጫ ጭነት በሚበዛበት ጊዜ፣ ከጎማ ሥር የሚፈናጠር ድንጋይ ዘወትር ያለ ነገር ነው። ድንጋይ ባይኖር እንኳ የበሩ መጋጨት፣ የኮረኮንቹ መንቀጥቀጥና የጠዋቱ ብርድ በቀትር ሐሩር መተካቱ ተራውን መስታወት ቀስ በቀስ ያደክሙታል። እንግዲህ ከሦስቱ መስታወቶች በምንም ምክንያት ሊታለፍ የማይገባው ተራው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። «ፋብሪካው ራሱ የሠራበትን ዓይነት እንመልስ፣ ከአምራቹ በላይ ማን ያውቃል?» ይባላል። እድሳት ማለት መመለስ ስለሆነ ሐሳቡ የሚያስከብር ነው፤ ለበር መስታወትም ይሠራል። ለፊት መስታወት ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተመረቱት መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የወጡት በቴምፐርድ የፊት መስታወት ነው። ቴምፐርድ የፊት መስታወት አንድ ጠጠር በደንብ ካገኘው ከዳር እስከ ዳር በቅጽበት በስንጥቅ ይሞላል፤ ሾፌሩ ፊት ለፊቱ ነጭ ግድግዳ ይጋረድበታል፣ እሱም እየሄደ ነው። በደጋ ዳሞት ቁልቁለት ላይ ያ ቅጽበት ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ላሚኔትድ ላይ በዚያው ጠጠር ኮከብ የምትመስል ስንጥቅ ትወጣለች፣ ሾፌሩ ግን እያየ ጥጉን ይይዛል። የመኪና አምራቾች ራሳቸው የፊት መስታወትን በላሚኔትድ መሥራት ዓለም አቀፍ ልማድ ያደረጉት ስለዚህ ነው። ለመጀመሪያው መልክ ታማኝ መሆን መልካም ነው፤ አምራቹ ራሱ ለተወው ነገር ታማኝ መሆን ግን ጥቅሙ አይታየኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ትክክለኛው መስታወት ከየት ይገኛል? እዚህ ላይ በጣም አሮጌዎቹ መኪኖች ከመካከለኞቹ ይሻላሉ። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠሩት የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች የፊት መስታወታቸው ሁለት ዝርግ ቁራጭ ነው። ቶዮታ ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ያመረተው 40 ተከታታይ ላንድክሩዘርም ፊቱ ዝርግ ነው። ዝርግ መስታወት ከቻይናም ከጃፓንም ማስመጣት አያስፈልግም፤ ከሰሌዳ ላይ ይቆረጣል። ቴምፐርድ አንዴ ከተጠናከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ አልማዙ ውጥረቱን ሲነካው ይበተናል። ላሚኔትድ ግን ይቆረጣል። አንደኛው ፊት ይሰመርና በቀስታ ይሰበራል፣ ይገለበጥና ሁለተኛው ፊት በዚያው መስመር ላይ ይሰመርና ይሰበራል፣ በመካከል የቀረው ፒቪቢ በአልኮል ይለሰልስና በምላጭ ይቆረጣል። የቤት መስታወት የሚቆርጥ ባለሙያ ይህን ለመሥራት የሚጎድለው ልምምድ እንጂ መሣሪያ አይደለም። እንግዲህ ለአሮጌ ላንድክሩዘር የፊት መስታወት የሚያስፈልገው በካርቶን የተወሰደ ትክክለኛ ልክና ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ የላሚኔትድ ሰሌዳ ነው።

ሰሌዳው ሲገዛ ግን አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። ለሕንፃ በብዛት የሚሸጠው ላሚኔትድ 6.38 የሚባለው ነው፤ ሁለት ባለ 3 ሚሊ ሜትር መስታወቶችና በመካከል 0.38 ሚሊ ሜትር ሽፋን ማለት ነው። የመኪና የፊት መስታወት ሽፋን የዚህ እጥፍ፣ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ የመኪና አምራቾች ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስሱ ወደ ወፍራሙ የተሸጋገሩት ግን በግጭት ጊዜ የሰው ጭንቅላት ስሱን ሽፋን ቀዶ ያልፍ ስለነበረ፣ ቀዶት ሲያልፍም አንገቱ በስብርባሪው ጠርዝ ይቆረጥ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ላሚኔትድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ «ሽፋኑ ስንት ነው?» የሚለው ይከተል። 6.76 ሲገኝ እሱ ይመረጥ። ውፍረቱ ለድሮው የዙሪያ ጎማ የማይመች ከሆነ ጎማውን በልኩ መቀየር መስታወቱን ከማሳነስ ይሻላል።

ፊታቸው ቆልመም ያሉት መኪኖች፣ እንደ ድሮው ሃይሉክስና እንደ ፔጆ 404 ፒካፕ ያሉት፣ ይህ ዕድል የላቸውም። የታጠፈ መስታወት በፋብሪካ ቅርጽ ካልተሠራ በከተማ ቆራጭ አይሠራም። ለእነዚህ ያለው መንገድ ወይ አዲስ ማስመጣት ወይም በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ መፈለግ ነው። ያገለገለ መስታወት ነውር የለበትም፣ ሲገዛ ግን በብርሃን ይታይ። በማዕዘኑ ላይ የታተመችው ትንሽ ጽሑፍ ብዙ ትናገራለች፤ በክብ ውስጥ «ኢ» ፊደልና ቁጥር ካለ የአውሮፓ መለኪያን፣ «ኤኤስ 1» ካለ የአሜሪካን የፊት መስታወት መለኪያ ማለፉን ያሳያል። ምንም ማኅተም የሌለበትን መስታወት ላሚኔትድ ነው ቢሉ ጠርዙን ማየት ይበቃል፣ በመካከል የሽፋኑ መስመር ይታያል። ከጠርዙ ወደ ውስጥ ወተት የመሰለ ነጭ ከገባበት ውኃ ሽፋኑን አላቅቆታል ማለት ነውና አይገዛ። ዝናብ መጥረጊያው በግማሽ ክብ የጫረውም እንዲሁ፤ ቀን ምንም አይመስልም፣ ማታ ግን ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ጭረቱ ላይ ተበትኖ ሾፌሩን ያሳውረዋል።

የበሩ መስታወት ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ እዚህ ላይ ላሚኔትድ ሁሉንም ይፈታል ማለት ትክክል አይሆንም። በሩ ላይ ቴምፐርድ የሚመረጥበት ጥሩ ምክንያት አለ። መኪና ተገልብጦ በሩ ቢቆለፍ ወይም ወንዝ ውስጥ ቢገባ ቴምፐርዱን በብረት ጫፍ ሰብሮ መውጣት ይቻላል፣ ላሚኔትድ ግን ሰው ይዞ ይቀራል። በክረምት ጎርፍ ሲሞላ ወንዝ ተሻግሮ የሚሄድ መኪና ይህን ሊያስብ ይገባዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ከፋብሪካ የወጣ ቴምፐርድ ነው፤ ዝርግ ከሆነ ልኩን ልኮ ቀድሞ ተቆርጦ ኋላ እንዲጠናከር ማሠራትም ይቻላል። ይህ በማይገኝበት ጊዜ ላሚኔትድ ከተራው መስታወት እጅግ ይሻላል። ባይሆን ሁለቱም በሮች ከውስጥ በቀላሉ የሚከፈቱ፣ መስታወቶቹም እስከ ታች የሚወርዱ ይሁኑ። እጀታው ጠፍቶ በፒንሳ የሚዞር መስታወት በብዙ አሮጌ መኪና ላይ ያለ ነገር ነው፣ ለአደጋ ቀን ግን አይሆንም።

መስታወቱ ትክክል ሆኖ አገጣጠሙ ከተበላሸ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ከቀለም ይቅደም ያልኩበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። የድሮ ጋቢና ዝገት የሚጀምርበት ቦታ ከዙሪያው ጎማ ሥር ያለው የላሜራ ከንፈር ነው። ውኃ እዚያ ገብቶ ይተኛል፣ ከውጭ አይታይም። መስታወቱ ሳይወጣ መኪናው ከተቀባ ቀለሙ በዝገቱ ላይ ይተኛል፣ በቀጣዩ ክረምት ዝገቱ ያብጣል፣ ቀለሙም ይላጣል። ያበጠው ላሜራ ደግሞ መስታወቱን በአንድ ነጥብ ይገፋዋል፤ «ምንም ሳይነካው ተሰነጠቀ» የሚባለው መስታወት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። መስታወቱ መጀመሪያ ይውጣ፣ ከንፈሩ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ይፋቅ፣ የተበላው ይበየድ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ ከዚያ ቀለም። መልሶ ሲገባ ጎማው አስቀድሞ በመስታወቱ ዙሪያ ይለበሳል። በጎማው የውስጥ ጉድጓድ ዙሪያውን ወፍራም ሲባጎ ይዘረጋል፣ ሁለቱ ጫፎች በታች መካከል ላይ ተላልፈው ወደ ጋቢናው ይንጠለጠላሉ። ጎማው በሳሙና ውኃ ይርሳል። አንዱ ሰው ከውጭ መስታወቱን በመዳፉ እየተጫነ ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ወደ ራሱ ይስባል፤ ሲባጎው ሲወጣ የጎማውን ከንፈር ስንዝር በስንዝር በላሜራው ላይ እየገለበጠ ያስቀምጠዋል። መዶሻ አያስፈልግም፣ ካቻቢቴም ባይቀርበው ይመረጣል። በሳሙና ፈንታ ናፍጣ ወይም ግሪስ መቀባት ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ከጊዜ በኋላም ይበላዋል።

ብዙ ቦታ የሚታየው አቋራጭ ደግሞ ጎማውን ትቶ መስታወቱን በሲሊኮን ማጣበቅ ነው። ውኃ አያስገባም፣ ርካሽም ነው። ሲጨመቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ግን እየደረቀ አሲድ ይለቃል፤ አሲዱ ላሜራውን ያዝጋል፣ የላሚኔትዱን ሽፋንም ከጠርዙ ያላቅቃል። ከዚህም በላይ የድሮ ፒካፕ ጋቢና በኮረኮንች ላይ ይጠማዘዛል፤ መስታወቱ በጎማ ውስጥ ጥቂት መንቀሳቀሻ ቦታ ካላገኘ ጥምዘዛውን ራሱ ይሸከማል። ልክ ሲወሰድ በዙሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው።

የቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው፣ እሱም የዋዛ አይደለም። ላሚኔትድ ከተራው መስታወት ይወደዳል፣ መምጫው ሩቅ ነው፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ከነአካቴው አይደርስም። አንዳንዱ ስለዚህ ግልጽ ፕላስቲክ ይመርጣል፤ እሱ በቀላሉ አይሰበርም፣ ነገር ግን በአቧራና በጨርቅ በአጭር ጊዜ ተጭሮ ይደበዝዛል፣ ለኋላ ጋቢና መስኮት እስከ ጊዜው ሊያገለግል ቢችል እንጂ ለፊት ፈጽሞ አይሆንም። የተሰነጠቀውን ይዞ መቆየትስ? ላሚኔትድ ከሆነና ስንጥቁ ከሾፌሩ እይታ ርቆ ጥግ ላይ ካለ፣ ከአዲስ ተራ መስታወት የተሰነጠቀ ላሚኔትድ ይሻላል እላለሁ፤ ገንዘብ እስኪገኝ ውኃ እንዳይገባበት መያዝ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ግን እጥረቱ የገንዘብ ሳይሆን የቅደም ተከተል ነው። ሙሉ ስቱኮና ሙሉ ቀለም የሚያስቀባ ሰው ከቀለሙ አንድ ክፍል ለጊዜው ቢያቆይ የፊቱ መስታወት ይወጣለታል፤ ስፖንዳው ሳይቀባ አንድ ዓመት ቢቆይ ጭነቱን አያጎድልም።

ሕጉም ከዚህ ጋር አይጋጭም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፣ ቦሎውም የሚለጠፈው በዚያው የፊት መስታወት ላይ ነው። መርማሪው ስንጥቅ አለ የለም ብሎ ከማየት አልፎ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ማኅተም ቢያነብ፣ ማኅተም ከሌለም ጠርዙን ቢያይ፣ ተጨማሪ መሣሪያ ሳያስፈልገው ብዙ ጊዜ ተራውን መስታወት ይለየዋል። መጀመሪያ ላይ መቅጣት ሳይሆን ማስጠንቀቅ ይበቃል፣ ብዙው ባለቤት የገባለትን የሚያውቅ አይደለምና። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉ ጋራዦችና መስታወት ቆራጮች ደግሞ በአካባቢው የሚበዙትን መኪኖች የካርቶን ልክ አንዴ ወስደው ቢያስቀምጡ፣ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ሙሉ የ6.76 ሰሌዳ በጋራ ቢያስመጡ፣ የማጓጓዣው ወጪ ይከፋፈላል፤ መስታወቱ የተሰበረበት ሾፌርም ሰኞ መጥቶ ማክሰኞ ሥራው ላይ ይገኛል።